ጠግቦ ያላበበው አደይ

ናፍቆት መጀመሪያ ያወቀችው ሽታውን ነው፤ ሰውየውን ያየችው ከዚያ በኋላ ነው። ዓዲ ሓቂ ሰፈር በተከራየችበት ግቢ አዲሱ ጎረቤቷ መድሃኔ ቄራ ነበር የሚሠራው። በሎሚ ታሽቶ፣ በሳሙና ተፈግፍጎ፣ ሽቶ ነስንሶ ሲወጣ እንኳ የሐሞት ጠረን ይከተለዋል። ደግሞ መልከ መልካም ነው፤ የሚያናድዳትም ይሄው ነበር።

ከደብረ ብርሃን መጥታ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ናፍቆት፣ በመስኮቷ ሥር አደይ አበባ ዘርታለች። ዘሩን ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ለቅማ ያመጣችው እሷ ናት፤ መሬቱን የቆፈረላት እሱ። ከሥራ መልስ ጎን ለጎን ቆመው ቡቃያውን ያያሉ። አጠገቡ መቆሙ ይጥማታል፤ ትንፋሿን ግን ትይዛለች።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ከክፍል ስትመለስ ግቢው ገምቶ ጠበቃት። ቡቃያዋ ላይ አረንጓዴ ዝቃጭ ተዘርግፏል፤ ዝንብ ወሮታል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ፈርስ እዩ፣ የበሬ ፈርስ» አለ መድሃኔ ባዶ ባልዲውን ይዞ እየሳቀ። «ለአንቺ ብዬ ነው። ሓቂ፣ እውነቴን ነው፣ ከዚህ የሚበልጥ ማዳበሪያ የለም።»

ሮጣ ገብታ አስመለሳት። እሱ ግን በየሳምንቱ ማምጣቱን ቀጠለ፤ ደስታውን እያየች ተው ለማለት አንጀቷ አልቻለም።

መስከረም ጠባ። የከተማው ዳርቻ ሁሉ ቢጫ ሲለብስ የእሷ አደይ ወገቧ ድረስ አድጎ፣ ቅጠሉ ወፍሮ፣ አንድ እንቡጥ አላወጣም። ግንዱን ክሽክሽ የሚባለው ጥቁር ደቃቅ ተባይ ሸፍኖታል። ስትነካው ተጨፍልቆ ጣቷ ላይ ተጣበቀ።

ሁሉም «ኣደይ»፣ እናቴ፣ የሚላቸው የቤቱ ባለቤት አክሱማዊት አበባውን በአገሩ ስም ጠርተው ከንፈራቸውን መጠጡ። «ገልገለ መስቀል እኮ ጭንጫ ነው የሚወደው። ማን አብሉት አላችሁ?»

አጠገባቸው የቆመው መድሃኔ ደነገጠ። የናፍቆትን ጣት ሊጠርግላት እጇን ያዘ።

«አትንካኝ!» አለችው ወደ ኋላ እየዘለለች። «እጅህ የነካው ሁሉ ይገማል!»

አልተቆጣም። እጁን አገላብጦ አየና ወደ ክፍሉ ገባ። ይሄ ባሰባት። ሦስት ቀን እህል አልወርድ አላት፤ አሁን የምትጠየፈው የገዛ አፏን ነበር።

በአራተኛው ቀን ኣደይ አክሱማዊት «መድሃኔ ክፍሉን ሊለቅ ነው፤ ዛሬ ከሥራ ሲወጣ ዕቃውን ይወስዳል» አሏት።

ናፍቆት ልብሷን እንኳ ሳትቀይር በባጃጅ ቄራ ሄደች። በሩን እንዳለፈች ደም የተቀላቀለበት ውሃ ጫማዋ ውስጥ ገባ፤ ለብ ያለ ነበር። መድሃኔ ከተዘረገፈ ጨጓራ መሀል፣ ክርኑ ድረስ ፈርስ ተለቅልቆ ቆሟል። ሲያያት እጁን ከኋላው ደበቀ።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ? ውጪ በጃኺ፣ እባክሽ፣ ይሄ ያንቺ ቦታ አይደለም።»

«እጅህን አምጣ።»

«ናፍቆት፣ አልታጠብኩም።»

«አምጣ አልኩህ! ክፍሉን አትለቅም። ከለቀቅክም አብረን ነው የምንለቀው።»

እጁን ከኋላው ስባ ያዘችው። ሞቃት፣ የሚያዳልጥ፣ የሚቀፍ እጅ ነው። ወዲያው እዚያው ቦቲ ጫማው ላይ አስመለሳት። ሠራተኞቹ ሁሉ ቢላቸውን ይዘው ዞሩ።

መድሃኔ በእፍረት እጁን ሊያስለቅቃት ሞከረ። ናፍቆት በሌላው እጇ አፏን ጠርጋ ቀና አለች፤ ልትናገር ስትል እንደገና አስመለሳት። እጁን ግን አልለቀቀችም።