በጉልበት ልክ የተያዘ ሻማ

ገብረክርስቶስ የሞተው ከገዛ ወይኑ በርሜሎች ሥር ነው። ሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፒያሳ ሲፈርስ ከተረፈችው አሮጌ ቤቱ ምድር ቤት አንድ ብርጭቆ ሊቀዳ ወረደ። ከሩብ ሰዓት በኋላ፣ ከአትክልት ተራ የወይን ፍሬ የሚያመላልስለት ተሸካሚ ከበደ ሬሳውን አቅፎ ደረጃው ላይ ተገኘ። ሐኪሞቹ ቁስልም መርዝም አላገኙም፤ «ትንፋሽ አጥሮት ነው» ብለው ጻፉ።

ለኢንስፔክተር አርሴማ አለቃ ይህ ከበቂ በላይ ነበር። ሰው የሚያፍን ክንድ ያለው ከበደ ነው፤ ዋዜማውንም «ይሄ ጉድጓድ አንድ ቀን ይበላዎታል» ሲል ጎረቤት ሰምቶታል። ድሀ ለማሰር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የጠየቀ አለቃ አርሴማ በሃያ ዓመት ሥራዋ አልገጠማትም።

«ነገ ፍርድ ቤት እናቀርበዋለን» አላት ሐሙስ ጠዋት። «እስከዚያ ደስ ካለሽ ተንከራተቺ።»

መጀመሪያ የሄደችው እስረኛው ጋ ነው።

«ለምን አስፈራራኸው?»

«ጋሼን? ማስጠንቀቄ ነው እንጂ። እሑድ ሳጥን አውርጄ ራሴን አዞረኝ። ኩንታል ተሸክሜ የቸርችልን ዳገት የምወጣ ሰው ጉልበቴ ከዳኝ። ብነግራቸው ‹ያለ ጧፍ አትውረድ አላልኩህም?› አሉኝ። እኔ የጸሎት ነገር መስሎኝ ተውኩት።»

«ሰኞስ?»

«ጧፍ ፈልገው አጡ። ጓደኛቸው ሄኖክ ‹ለአንድ ብርጭቆ ጧፍ ምን ያደርጋል› ብሎ የስልኩን መብራት አብርቶ ሰጣቸው። ሲዘገዩብኝ ገባሁ። ጎትቼ ሳወጣቸው እኔም ልሞት ምንም አልቀረኝም። ለዚህ ነው የታሰርኩት፤ ገብቼ ስላወጣሁ።»

አርሴማ ማስታወሻ ደብተሯን አጥፋ ተነሳች።

በሟቹ ቤት ሳሎን ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ገብረክርስቶስና ጓደኛው ሄኖክ ከሦስት ዓመት በፊት ጀርመን አገር፣ የራይን ወንዝ ዳር፣ የወይን በዓል ሲጎበኙ የተነሱት ነው። ሄኖክ እንግዳ ተቀባይ ሆኖ አስረዳት።

«ብርጭቆውን በአንገት አንጠልጥሎ ከአንዱ ምድር ቤት ወደ ሌላው መዞር ነው። ዘውድ የደፋች የወይን ንግሥት አለቻቸው፤ የማርሽ ሙዚቃው አይቋረጥም፤ ሽማግሌው ሁሉ ይጨፍራል። የእኛ ሰው እንዲህ ቢጨፍር ጎረቤት ጠበል ይወስደው ነበር።» ሳቀ፤ ከዚያ ሐዘንተኛ መሆኑ ትዝ አለው። «ዘንድሮ የእኛን ወይን ይዞ የሚቀርብ አንድ ሰው ጋብዘው ነበር። የሚሄደው እሱ ነበር፤ ተጠባባቂው እኔ። ምን ይደረግ፣ ነገ እበራለሁ።»

«ፎቶው ላይ ይሄ ሁሉ ሰው ሻማ የያዘው ለምንድን ነው?»

«ለጌጥ ነው። ፈረንጅ ሻማ ይወዳል።»

የሟቹ ታላቅ እህት አልጋነሽ ጥቁር ለብሳ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ሠፈሩ በጠጇ ያውቃታል። የነሐሴ ብርድ ያንቀጠቅጣታል።

«እማማ፣ ጋቢ ቢደርቡ ምናለ?»

«ጋቢዬ ሥራ ላይ ነው፣ ልጄ።»

«ወንድምዎ ጧፍ ይዞ የሚወርደው ለምን ነበር?»

«ስለት ያለበት ይመስለኛል። የሰው ስለት አይጠየቅም። እሑድ አንድ እስር ጧፍ ገዝቼ ከበሩ ጎን ሰቅዬለት ነበር፤ ማን እንደወሰደው አላውቅም።»

አርሴማ ወጥታ ቤቱን ዞረች። በመንገድ በኩል፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ የምድር ቤቱ መተንፈሻ አለ። ውስጡ ነጭ ነገር ታጭቆበታል፤ ጥለቱ ይታያል። እጇን ዘረጋችና መለሰችው። ከበደን ነጻ የሚያወጣው ነገር ማንን እንደሚገድል ገብቷት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ምድር ቤቱ በር ላይ ሰበሰበች። ከበደ በካቴና መጣ፤ አለቃዋ ሰዓቱን እያየ። ጧፍ ለኩሳ በገመድ ወደ ታች ለቀቀችው። ነፋስ የለም። አምስተኛው ደረጃ ላይ ነበልባሉ አነሰ፤ ስድስተኛው ላይ ጠፋ።

«ወይን ሲፈላ ከባድ አየር ያወጣል» አለች። «አይታይም፤ እንደ ውኃ ከታች ጀምሮ ይሞላል። ገብረክርስቶስ ጧፍ የሚይዘው ለስለት አልነበረም፤ ጧፉ ከጠፋ ሊመለስ ነው። ሰኞ ግን ጧፉ ከበሩ ተወስዷል፤ የስልክ መብራት ደግሞ ሰው ሲሞትም ይበራል። መተንፈሻው ክፍት ነው ብሎ አምኖ ወረደ። ክፍት አልነበረም።»

አልጋነሽ ከሁሉም ቀድማ ገባት።

«ጠጅ ካልሞቀው አይፈላም» አለች ቀስ ብላ። «ወይኑንም ብርዱ ጠናበት ብዬ... በጋቢዬ ደፈንኩለት። እኔ ነኝ?»

«ከመድፈንዎ በፊት ማንን አማከሩ፣ እማማ?»

«ሄኖክን ጠየቅኩት። ‹ድፈኚው እትዬ፣ ይሙቀው። ለእሱ ግን አትንገሪው፣ ወይኑ ፈጥኖ ሲደርስ ይገረም› አለኝ።»

«አላልኩም» አለ ሄኖክ። «ብልስ? የወይን መጥመቅ የእሱ ሙያ ነው። እኔ ምን አውቃለሁ?»

አርሴማ ፎቶግራፉን ከግድግዳው አውርዳ ነበር። ፊቱ ላይ አቆመችው።

«ለማየት ሻማ የያዘ ሰው ከፍ ያደርገዋል። እዚህ ስድስት ሰው ሻማውን ጉልበቱ ላይ አውርዶ ይዟል። አንዱ እርስዎ ነዎት። ጌጥ በጉልበት ልክ አይያዝም። ከታች የሚሞላውን አየር ለመለካት ነው፤ ጀርመኖቹ አስተምረውዎታል፤ ያውቁ ነበር። ጧፉን አነሱ፣ ስልክዎን ሰጡ፣ ከበሩ ቆመው ጠበቁ።»

ሄኖክ አልደነገጠም። አለቃዋን ነበር የሚያየው። አለቃው አርሴማን ክንዷን ይዞ ወደ ጓዳ ወሰዳት።

«የደፈነው እጅ የማን ነው?»

«የእሷ። ግን...»

«ጋቢውስ?»

«የእሷ።»

«እሱ ምን አደረገ? ስልክ አዋሰ። ጧፉን ሲያነሳ ያየው አለ? የለም። ክሰሱ ካልሽ ዐቃቤ ሕጉ ቀድሞ የሚጽፈው የአሮጊቷን ስም ነው። እሱን በምስክርነት ይጠሩታል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ተሸካሚውን ፈትቼልሻለሁ። አደጋ ብለሽ ዝጊው።»

ልትሰድበው አፏን ከፈተች። በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። ይህ ከምንም በላይ አቃጠላት።

የከበደን ካቴና ራሷ ፈታች። ሄኖክ የሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ የነበሩትን ሁለት የገብረክርስቶስ ወይን ጠርሙሶች በጋዜጣ ጠቅልሎ አነሳ።

«እትዬ፣ በስሙ ነው የማቀርበው» አላት አልጋነሽን። ያስቆመው አልነበረም። የተሳፈረበት ታክሲ ቸርችልን ይዞ ቁልቁል ወረደ።

አልጋነሽ መንገዱ ዳር ተንበርክካ ጋቢዋን ከመተንፈሻው ሳበችው። ከበደ ሊያግዛት ጎንበስ ሲል በእጇ ከለከለችው። አንዴ አራገፈችውና ደረበችው። የወይን ሽታ ነበረው።

«ልጄ» አለች ወደ አርሴማ ሳትዞር፣ «አደጋ ብለሽ ጻፍሽው አሉኝ።»

«አዎ፣ እማማ።»

«እኔስ ምን ልበለው?»

አርሴማ እጇ ላይ የቀረውን የጠፋ ጧፍ ክፍቱ መተንፈሻ አጠገብ አስቀመጠችው።