ከኮሶዬ የተሰረቀው አፈር

አፈር ይሰረቃል? ኮሶዬ ላይ በ1951 ዓ.ም. ሰኔ ተሰረቀ።

አያ ዳኛው ባቄላ ሊዘራ በማለዳ ማሳው ሲደርስ መሬቱ ሰባት ቦታ ተቆፍሮ ጠበቀው። ጥቁሩ አፈር የለም። በሬ አልጎደለ፣ እህል አልተነካ። አያ ዳኛው ጉድጓዶቹ አጠገብ ቁጭ አለ። የሰው ማሳ አፈር የሚወሰደው ለመተት ነው ይባላልና ፈራ።

አገሬው ለአውጫጭኝ ከወይራው ሥር ተሰበሰበ። በአውጫጭኝ ወግ ያየም የሰማም የጠረጠረም ሁሉ ምሎ ይናገራል። ሦስት ጊዜ ተሰበሰቡ። ሦስት ጊዜም የተነሳው ያው አንድ ስም ነው፤ የሸክላ ሠሪዋ የትርንጎ። አፈር ስትቆፍር የምትውል እሷ አይደለችም? በቃ፣ የሰው አፍ አንዴ ከያዘ መች ይለቃል! ነሐሴ ላይ፣ እስከ እሑድ አገር ለቃ እንድትወጣ ተፈረደባት።

ሃምሳ አለቃ ወልደኢየሱስ ለምርመራ ከጎንደር የደረሰው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ትርንጎ ማሰሮዎቿን አህያ ላይ ስትጭን አገኛት። አፈር ከየት እንደምትቆፍር ጠየቃት። ከወንዙ ዳር ነው አለችና የሚያጣብቀውን ቀይ ጭቃ አሳየችው።

«የአያ ዳኛው አፈር እንደ ዱቄት ይበተናል። ማሰሮ ብሠራበት እሳት ሳያየው ይፈርሳል። ምን ላደርገው ጌታዬ?»

እውነቷን ነው። ታዲያ እንዲያ ያለ አፈር ለማን ይጠቅማል? ለገበሬ ነዋ! ሃምሳ አለቃው ይህን ሲያስብ ልቡ ዘለለ። ማዕረጉን ረስቶ ከማሳ ማሳ ይሮጥ ጀመር።

ባዬ የሚባል ገበሬ በቅርቡ ጫካ መንጥሮ ካቀናው ማሳ ሲደርስ ቀጥ አለ። ባቄላው ቢጫ፣ ቀጫጫ ነው። መሀል ላይ ያሉት ሰባት ትልሞች ግን አረንጓዴ ናቸው፣ ወገብ ይደርሳሉ።

ከአረንጓዴው አንዱን ነቀለ። ሥሩ ላይ ምስር የሚያካክሉ እባጮች ተደርድረዋል። አንዱን በጥፍሩ ሲከፍተው ውስጡ ደም መስሏል። ከቢጫው ነቀለ፤ ሥሩ ባዶ ነው። ወርዶ ከአያ ዳኛው ማሳ ነቀለ። እባጭ በእባጭ!

አምና እሱ ራሱ አጅቦት የዞረው አንድ የእርሻ ባለሙያ የነገረው ትዝ አለው። አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት አሉ። ባቄላ ሥሩ ላይ ቤት ይሠራላቸዋል፣ እነሱም ይመግቡታል። ባቄላ ለዘመናት በተዘራበት መሬት ተላምደው ይበዛሉ፤ ባቄላ በማያውቅ መሬት ግን ከለመደ ማሳ አፈር ካልመጣለት አይገኙም ብሎት ነበር።

ወዲያው ሰዉን ወደ ወይራው አስጠራና ሦስቱን ሥሮች ፊታቸው አኖረ።

«ባዬ፣ ሰባቱን ትልም ምን አበላሃቸው?»

«ፍግ ነው።»

«ፍግ ከሆነ ምነው ሥሩ የአያ ዳኛውን ባቄላ መሰለ?»

ባዬ ድንጋይ አንስቶ ማጅራቱ ላይ ተሸከመና ለይቅርታ ተንበረከከ።

«መተት አላሰብሁም» አለ። «ሁለት ዓመት ዘርቼ ልጆቼ ባቄላ አልቀመሱም። የሱ ማሳ ሠላሳ ዓመት ባቄላ የለመደ ነው። ትንሽ አፈር ስጠኝ ብዬ ለምኜው ነበር፤ ከለከለኝ።»

ሰዉ ሁሉ ወደ አያ ዳኛው ዞረ። አያ ዳኛው በአውጫጭኙ የምጠረጥረው የለም ብሎ ሦስት ጊዜ ምሏል።

«ምነው ዝም አልህ፣ አያ ዳኛው?» አለች ትርንጎ።

«አፈር ነፈገ እንዳልባል» አለ፣ ቀና ሳይል።

ባዬ ካሳ ተፈረደበት። በአያ ዳኛው ላይ ማንም አልፈረደም። እሱ ግን ራሱ ተነስቶ ወደ ትርንጎ አህያ ሄደና ማሰሮዎቹን አንድ በአንድ እያወረደ ወደ ቤቷ ያስገባ ጀመር። ትርንጎ በሩ ላይ ቆማ አየችው እንጂ አላገዘችውም።