ኔኒታ ለምን ጠረገች

ዶሚንጋ ማግሳሊን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተገደለች። እስኪመሽ ድረስ ግን አንድም ሰው አላለቀሰላትም።

እንደ ሟቿ የሰፈሩ ፊሊፒናዊት የሆነችው መርማሪ ሶኮሮ ላክሳማና የካናዳዋን የዊኒፔግ ከተማ በረዶ ከጫማዋ አራግፋ በጓሮ በር ስትገባ፣ ሟቿ ከማድ ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ጓዳ ውስጥ በግንባሯ ተደፍታለች። የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን እንኳ አልቀየረችም። የተመታችው ማጅራቷን ነው፤ ከኋላ፣ በከባድ ነገር፣ አንድ ጊዜ።

ሶኮሮ ሬሳውን አይታ ስታበቃ ወደ ማድ ቤቱ ተመለሰች። ወለሉ ተጠርጓል፤ ገና እርጥብ ነው። የኮምጣጤ ሽታ ግን አፍንጫ ይሰነፍጣል። ከምድጃው በላይ አንድ ትልቅ የብረት መጥበሻ ተሰቅሏል፤ ጠርዙ ላይ የሳሙና አረፋ ደርቆበታል። ዶሚንጋ ደግሞ ያንን መጥበሻ ሳሙና የምታስነካ ሴት አልነበረችም። ጨርቅ አርጥባ በጨው ነው የምታሸው።

«መግደያውን አገኘነው» አለች።

«ገዳይዋንም አግኝተናል» አለ የሥራ ባልደረባዋ ኮንስታብል ፍሪዘን። ረጅም፣ ቀይ፣ ቸኩሎ የሚናገር ሰው ነው። «ተከራይዋ ኔኒታ። ጠዋት ሲጣሉ ጎረቤት ሰምቷል። ሬሳውን አገኘሁ የምትለውም እሷ ናት። ከዚያ በፊት ግን ወለሉን ጠርጋ ስብርባሪውን ውጭ ቆሻሻ ውስጥ ደፍታዋለች። መጥበሻውም ታጥቧል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ምሳዬን» አለች ሶኮሮ፤ ወደ ኔኒታም ሄደች።

ኔኒታ ደረጃው ላይ ተኮራምታ ተቀምጣለች። አንድ አልጋ ላይ የዋለ ሽማግሌ የምታስታምም፣ አርባ ያልሞላት ቀጭን ሴት ናት።

«ለምን ጠረግሽ?»

«ቆሽሾ ነዋ፣ እትዬ! በኮምጣጤ የተዘፈዘፈው የፓፓያ ማሰሮ ተሰብሮ ኮምጣጤው ወለሉን አጥለቅልቆታል። እትዬ ዶሚንጋ ብታየው እኔን አይደል የምትጮህብኝ? ጠርጌ ጨርሼ፣ መወልወያ ላመጣ ጓዳውን ስከፍት...» ፊቷን ሸፈነች።

«መጥረጊያው የት ነበር?»

«በሩ ሥር ተደግፎ ነበር። የበረዶ መጥረጊያው።»

«ጠዋትስ በምን ተጣላችሁ?»

«በማመልከቻዬ። ‹በርኅራኄ ቋሚ መኖሪያ ስጡኝ ትያለሽ አሉ። ለኔ ማን ራራልኝ?› አለችኝ። ‹እደውላለሁ› አለችኝ።»

እዚያ ሰፈር ያለ ፊሊፒናዊ ሁሉ «እደውላለሁ» ማለት «ለድንበር ቢሮ እጠቁማለሁ» ማለት እንደሆነ ያውቃል። የኔኒታ የመኖሪያ ፈቃድ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። እዚህ የተወለደች ልጅ አለቻት፤ ኤስቴላ ትባላለች፣ ሁለተኛ ክፍል ናት። ኔኒታ በሰብአዊነትና በርኅራኄ እንድትኖር አመልክታ መልስ ትጠብቃለች። ማመልከቻ ማስገባት ግን ከመባረር አያድንም። የድንበር ሰዎች ከመጡ፣ ፋይሉ ጠረጴዛ ላይ እያለ ሰውየው አውሮፕላን ውስጥ ነው። በዚያው ሰፈር ይኖር በነበረው በዳንቴ የደረሰው ይኸው ነበር። ኩላሊቱ በማሽን ይታጠብ ነበር፤ አመልክቶም ነበር፤ አንድ ሰው ደወለ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አንሥተው ወሰዱት። በተወለደበት ደሴት እንዲህ ያለ ማሽን አልነበረም፤ ክረምቱ ሳይወጣ ተቀበረ። ማን ደወለ ሲባል ዶሚንጋ አልካደችም። «ሕግ ነው» አለች። እሷ ባሏን በሕግ ለማምጣት የሰው ወለል እየፈገፈገች ስትጠብቅ፣ ሰውየው ወረፋው ሳይደርሰው ሞቶባታል። ከዚያ ወዲህ ወረፋ የዘለለ ሰው ስታይ ደሟ ይፈላል።

«እትዬ» አለች ኔኒታ፣ «ብከሰስ ማመልከቻዬ አበቃለት አይደል? ኤስቴላንስ ማን ይይዛታል?»

ሶኮሮ ልትዋሻት አልፈለገችም።

የሟቿ የወንድም ልጅ ቪርጂሊዮ ከፎቅ ወረደ። ወፍራም፣ ቧልተኛ ሰው ነው፤ ቤቱን የሚወርሰውም እሱ ነው።

«አክስትህን የሚጠላት ማን ነበር?»

«የሚወዳትን ብትጠይቂኝ ይቀለኝ ነበር፣ እትዬ።»

«አንተስ ከቅዳሴ በኋላ የት ዋልክ?»

«የቅርጫት ኳስ ሳጫውት። ዳኛ አይደለሁ? ሁለት ቡድን ሙሉ እናቴን ሲሰድብ ነው የዋለው። ጠይቂያቸው፤ በደስታ ይመሰክሩልሻል።»

ፍሪዘን ስልክ ደወለ፤ እውነት ነበር። እንዲያውም ቪርጂሊዮ በስልኩ ላይ እንደገና ተሰደበ።

በዚህ መሃል የዶሚንጋ ጎረቤት ፔርላ ትልቅ ድስት ገንፎ ይዛ ገባች። የመዘምራኑ መሪ ናት፤ ካናዳዊት ከሆነች ብዙ ዓመቷ ነው፤ ማንም «ውጪ» ሊላት አይችልም። የሟቹ የዳንቴ ታላቅ እህት ናት። ቪርጂሊዮ ፖሊሶቹ ያስገቡትን በረዶ ሊጠርግ መጥረጊያውን ሲያነሣ፣ ድስቷን አስቀምጣ እጁን መታችው።

«አንተ ቅሌታም! ሬሳ ባለበት ቤት ይጠረጋል? ሌላ ሞት ልትጠራብን ነው?»

«ረስቼ ነው፣ እትዬ» አለና መጥረጊያውን እንደ እሳት ጣለው።

ሶኮሮ ወንበር ሳበችላት። «እትዬ ፔርላ፣ እርስዎና ዶሚንጋ...»

«ይቅር ብያታለሁ» አለች ፔርላ አላስጨርሳት ብላ። «በምእመናን ሁሉ ፊት ጉንጯን ስሜአታለሁ። አላየሽም?»

«አይቻለሁ። ከቅዳሴ በኋላስ?»

«የአዳራሹን ድስት አጠብኩ። ከዚያ በቀጥታ ቤቴ። እግሬ የትም አልረገጠም፣ ልጄ።»

ሬሳው ከተነሣ በኋላ ሶኮሮና ፍሪዘን ወጡ። ቤቷ ቅርብ ቢሆንም ሶኮሮ መኪናውን ወደ ጥጉ ዶናት ቤት አዞረችው።

«እንደ ልማድሽ?» አላት ፍሪዘን።

«እንደ ልማዴ።» ከሬሳ በተነሡ ቁጥር እንዲህ ታደርጋለች፤ እሱም ዶናት ስለሚወድ ምክንያቱን ጠይቋት አያውቅም።

ሻጯ ሶኮሮን ስታይ ሳቀች። «ዛሬ ምን ጉድ ነው? እትዬ ፔርላም እኮ መጥታ ነበር! ‹ቤቴ ቡና እያለ ለምን እገዛለሁ?› የምትለዋ ሴትዮ፣ የምሳው ሰልፍ መሃል ገብታ ቡና አዘዘች። አንድ ጊዜ እንኳ አልቀመሰችውም። ትንሽ ተቀመጠችና ሄደች።»

«የምሳው ሰልፍ?» አለች ሶኮሮ። ኔኒታ ሬሳውን ያገኘችው የምሳ ሰዓት ካለፈ ብዙ ቆይቶ፣ ከሥራ ስትመለስ ነው። «እርግጠኛ ነሽ?»

«መቀመጫ አጥቼላት ነበር እኮ!»

ሶኮሮ የራሷንም ቡና ሳትቀምሰው ተነሣች።

በማግስቱ የድንበር ቢሮውን ጠየቀች። አዎ፣ አንዲት ሴት እሑድ ጠዋት ደውላ ኔኒታን ጠቁማለች። ሐሙስ ሊወስዷት ይመጣሉ።

ረቡዕ ለጸሎት ሰዎች በዶሚንጋ ሳሎን ሲሰበሰቡ፣ ሶኮሮ ከጸሎቱ በኋላ ሦስቱን ብቻ አስቀረች። ፔርላ መቁጠሪያዋን ይዛለች። ቪርጂሊዮ ለአንድ ጊዜ እንኳ አልቀለደም። ኔኒታ አንገቷን ደፍታለች፤ ፍሪዘን ከኋላዋ ቆሟል።

«ፍሪዘን ኔኒታ ናት ይላል» ብላ ጀመረች ሶኮሮ። «ለምን? ስለጠረገች። እስቲ ቪርጂሊዮ፣ ሬሳ ባለበት ቤት ማን ይጠርጋል?»

«ማንም። ያበደ ካልሆነ።»

«ለምን?»

«ሌላ ሞት ይከተላላ! ኔኒታ አንድ ልጅ አለቻት፤ እንዴት ብላ ትጠርጋለች?» አለና ወደ ኔኒታ ዞረ።

«አየህ ፍሪዘን? አንተ ማስረጃ አጠፋች አልክ። እኔ ደግሞ፣ ጓዳው ውስጥ ሞት እንዳለ ብታውቅ ያንን መጥረጊያ በእጇም አትነካውም እላለሁ። የጠረገችው ስላላወቀች ነው።»

ኔኒታ ቀና አለች።

«አሁን ገዳዩን እንይ። መጥበሻውን አጥቦ ቦታው ሰቀለ። እጁ ሥራ የለመደ ሰው ነው። ታዲያ እግሩ ሥር የተሰባበረውን ማሰሮ ለምን ተወው? መጥረጊያው እኮ በሩ ሥር ነበር። ጊዜም ነበረው። ያልጠረገው ስላወቀ ነው። ሬሳ ባለበት ቤት አይጠረጋል። ገዳዩ የኛ ሰው ነው።»

«ዊኒፔግ በኛ ሰው ተሞልታለች» አለች ፔርላ፤ መቁጠሪያው አልቆመም።

«ልክ ነዎት። ግን እኛ ሌላም ልማድ አለን። ፍሪዘን፣ ከሬሳ ስንነሣ ዶናት ቤት የምወስድህ ለምን ይመስልሃል?»

«ስለምትወጂኝ መስሎኝ ነበር።»

«ከሞተ ሰው ዘንድ የተነሣ ሰው በቀጥታ ቤቱ አይገባም። ነፍሲቱ ተከትላው እንዳትገባ መንገድ ላይ አንድ ቦታ ያራግፋታል። እትዬ ፔርላ፣ እሑድ በምሳ ሰዓት ዶናት ቤት ተቀምጠው ነበር። ቡናውን አልጠጡትም። ለኔ ‹በቀጥታ ቤቴ› አሉኝ። በዚያ ሰዓት ዶሚንጋ መሞቷን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ታዲያ እርስዎ የማንን ነፍስ ነው ሲያራግፉ የነበረው?»

መቁጠሪያው ቆመ።

«ደክሞኝ ነው የተቀመጥኩት» አለች ፔርላ። «በአንድ ስኒ ቡና ሰው ይታሰራል?»

«ይህ ብቻውን ላያሳስርዎ ይችላል» አለች ሶኮሮ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ዝም ቢሉ ምናልባት ያመልጣሉ። ያኔ ፍሪዘን ኔኒታን ይዞ ይሄዳል። ነገ የድንበር ሰዎች ይመጣሉ። ማመልከቻዋ ሳይታይ፣ ልጇ ከትምህርት ቤት ሳትመለስ፣ ልክ ዳንቴን እንደወሰዱት ይወስዷታል። ልዩነቱ ያኔ የደወለችው ዶሚንጋ ነበረች። አሁን የሚሰጧት እርስዎ ነዎት።»

ፔርላ ኔኒታን ትኩር ብላ አየቻት። ከዚያ መቁጠሪያዋን ኪሷ ከተተች።

«ዶሚንጋን ገድያለሁ» አለች። «ዶሚንጋን መሆን ግን አልፈልግም።»

«እትዬ ፔርላ!» አለ ቪርጂሊዮ።

«ዝም በል አንተ! ይቅርታዬ እውነት ይምሰላችሁ ብዬ ነው የሳምኳት። ጉንጯን ስስም ጥርሴ ያሳክከኝ ነበር። ግን አልገደልኳትም፤ ቻልኩት። እሑድ ወደ ቤቷ ጠራችኝ። ፓፓያ ቀምሜልሻለሁ ብላ ማሰሮውን እጄ ላይ አስቀመጠችና ‹ዛሬ ደግሞ በኔኒታ ላይ ደወልኩ› አለችኝ። እንዲህ ፈገግ ብላ! እንደ ምሥራች! ማሰሮው አመለጠኝ። ‹አይ አንቺ ዝርክርክ› ብላ መወልወያ ልታመጣ ጀርባዋን ሰጠችኝ። መጥበሻው እጄ አጠገብ ነበር።» ትንፋሿን ሳበች። «የወንድሜን ስም ጠርቼ ነው የመታኋት። ሰምታው እንደሆነ ግን እንጃ። እሱ ብቻ ነው የሚቆጨኝ።»

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው» አለ ቪርጂሊዮ በሹክሹክታ።

«ሳሌን ለቀቅኩታ!» አለችው።

ፍሪዘን ካቴናውን አወጣ። ከዚያ ሶኮሮን ወደ ጥግ ሳብ አድርጎ፣ «ሐሙስ ግን ነገ ነው» አለ። «ይህቺን ነፃ አወጣሻት፤ የድንበር ሰዎች ግን መምጣታቸው አይቀርም።»

ሰዉ ሁሉ ሰማው። ኔኒታ ከወንበሯ ተነሥታ ቆመች፤ የምትሄድበት ግን አልነበራትም።

«ይምጡ» አለች ሶኮሮ። «ማሰሮው ወለሉ ላይ ተሰብሮ፣ መጥረጊያውም ሳይነካ ያየች አንዲት ሴት ብቻ ናት። ያለ እሷ ቃል ክሱ አይቆምም። ጠበቃ መጥቶ ፔርላ ያመነችውን ቢያስክዳትስ? ዐቃቤ ሕጓን ዛሬውኑ አነጋግሬአታለሁ። ፍርድ ቤቱ ነገ ጠዋት ለምስክርነት ያዛታል፤ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያለባትን ምስክር ከአገር ማስወጣት አይችሉም። ክሱ እስኪያልቅ እዚሁ ናት። ማመልከቻዋም እሷ እዚህ እያለች ይታያል።»

«ይሰጡኛል ማለት ነው?» አለች ኔኒታ።

«እሱን አላውቅም፣ እህቴ። ሳያዩሽ ግን አይከለክሉሽም።»

ኔኒታ ወደ ፔርላ ዞረች። አመሰግናለሁ ልትል አልቻለችም፤ ለመርገምም አልቻለችም። የፔርላን ካፖርት አንሥታ በታሰሩት ክንዶቿ ላይ ደረበችላት፤ አንገቷም ድረስ ቆለፈችላት። ውጭ ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

ፔርላ በሩ ላይ ስትደርስ ሣቋ መጣ። ልትይዘው ሞከረች፤ አመለጣት።

«ልታስወጣት ደወለች፤ በሬሳዋ አስቀረቻት!» አለች። «ዶሚንጋ ይህን ብትሰማ ሁለተኛ ትሞት ነበር።»