ያልተንቀጠቀጠችው መኪና

የመካኒክ ደሞዜ ሬሳ መርሳ ከተማ ባለው ጋራዡ ግድግዳና በአንዲት ቀይ የእሽቅድምድም መኪና አፍንጫ መካከል ተጣብቋል። ደረቱ ተጨፍልቋል፤ ከአፉ የወረደው ደም በኮፈኑ ላይ ፈስሶ በጠዋቱ ፀሐይ መድረቅ ጀምሯል። ከወልድያ ተጠርታ የመጣችው ኢንስፔክተር ብርቱካን ዓይኗን ከሬሳው አልነቀለችም።

ነገሩ ያለቀ ይመስላል። የመኪናዋ ሹፌር ዓሪፍ «እኔ ነኝ፤ ሳላስበው ነው» ብሎ እጁን ለካቴና ዘርግቷል። የሟች ወንድም ፈቃዱ ደግሞ ከቀብር መልስ የዓሪፍን ደም እንደሚያፈስ በሰው ፊት ምሏል። ጠመንጃውን ፖሊስ ቢቀማውም ከጋራዡ በር ንቅንቅ አላለም። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ብርቱካን እንዲህ ያለ መሐላ እንደማይታጠፍ ስለምታውቅ፣ እስከዚያ እውነቱን ካላወጣች ሁለተኛ ሬሳ እንደምታነሳ ገባት።

«እንዴት ሆነ?» አለችው ዓሪፍን።

«መኪናዋ ከቆመችበት ስትነሳ ትንቀጠቀጥ ነበር። ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ ለጋሽ ደሞዜ ተውኩለት። ዛሬ ልወስዳት መጥቼ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ሳደርግ፣ እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠችብኝ። እግሬ ሲንሸራተት ዘለለች።»

«መንቀጥቀጧን እርግጠኛ ነህ?»

«ጥርሴ እስኪፋጭ» አለ፤ ዓይኑን ግን መሬት ላይ ተከለ።

የደሞዜ የሥራ ባልደረባ ገበየሁ ደረቱን እየደቃ ያለቅሳል። የግራ እጁ ትንሿ ጣት ድሮ በማሽን ተቆርጣለች። የዓሪፍን እህት ያገባው እሱ ነው።

«ትናንት የት ነበርክ?»

«ከረፋዱ ጀምሮ ሲሪንቃ፣ ትራክተር ስጠግን። እዚያው አደርኩ፤ መርዶው ነው የመለሰኝ።»

«ይችን መኪና ምን ነክቷት ነው የምትንቀጠቀጠው?»

«የፍሪሲዮኑ ሸራ ዘይት ጠጥቶ ነዋ! ዘይት የነካው ሸራ አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይለቃል። ዓሪፍ ምን ያድርግ፣ ኢንስፔክተር? አይፈረድበትም።» ይህን ብሎ ለቅሶውን ቀጠለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይህ ነው።

ሬሳው ተነሣ፤ ፎቶው ሁሉ ተነሣ። የከባድ መኪና መካኒክ ልጅ የሆነችው ብርቱካን የደንብ ልብሷን ሳትሳሳለት መኪናዋ ሥር ገባች፤ ቀጥሎም አሮጌ ዕቃ የሚጣልበትን በርሜል ገለበጠች። በመጨረሻ መሪውን ይዛ ግቢውን ዞረች። ስትወርድ ፊቷ ጠቁሯል።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበች። በሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሞልታ፣ ሳትከድነው መኪናዋ ጣሪያ ላይ አቆመችና ገብታ መኪናዋን ሦስት ጊዜ ከቆመችበት ቀስ አድርጋ ነዳቻት። ጠብ ያለ ውሃ የለም።

«ዓሪፍ፣ መንቀጥቀጡ የታለ?»

ዓሪፍ ገበየሁን በቆረጣ አየው።

«ደሞዜ ሳይሞት በፊት አዲስ ሸራ አስገብቶላት ነበር። አሮጌው በርሜሉ ውስጥ ነው። አንተ ይህን ያላወቅኸው ዛሬ ስላልነዳኻት ነው።» ወደ ገበየሁ ዞረች። «መኪና ሲነሣ የሚንቀጠቀጥበት ምክንያት ብዙ ነው። የሞተሩ መቀመጫ ጎማ ይላላል፤ ሸራው ይቃጠላል፤ ዘይትም ይጠጣል። ሸራውን የሸፈነው የማርሽ ሳጥን፣ ካምቢዮው፣ ወርዶ ሳይታይ ይህ ነው የሚል መካኒክ የለም። አንተ ሲሪንቃ ሆነህ ዘይቱን በምን አየኸው?»

«ገ... ገመትኩ።»

«ገመትክ እንበል።» የሞተሩ ዘይት ወደ ሸራው እንዳያልፍ የሚያግደውን ጎማ ከኪሷ አወጣች። «ይህ ከአሮጌው ሸራ ጋር የተጣለ ነው። አልተቀደደም፤ ስለዚህ ዘይቱ በራሱ አልፈሰሰም፣ ሰው ነው ያፈሰሰው። ካምቢዮው ደግሞ መኪናዋ ትናንት ከመጣች በኋላ ታጥቦ ነው የተመለሰው። የታጠበው ብረት ላይ ግን ቅባት የነካው የግራ እጅ አርፎበታል። ትንሽ ጣት የለውም።»

ገበየሁ እጁን ኪሱ ሊከት ሞከረ። ሁሉም አየው።

«ደሞዜ በጥፊ መታኝ!» ብሎ ገበየሁ ጮኸ። «ከደሴ እስከ ቆቦ ሰው ሁሉ ደሞዜ፣ ደሞዜ ይላል! እኔ መፍቻ አቀባይ! አንድ ጊዜ ቢዋረድ ብዬ ነው ባለፈው ጠግኖ ሲያስረክባት ዘይቱን ያፈሰስኩት። ጎማው አለመቀደዱን ሲያይ ገባው፤ ዛሬ ጠዋት ሥራውን ጨረሰ፤ ኮፈኑን ዘጋና በጥፊ አጮለኝ። ‹ነገሩን ለሽማግሌ እነግራለሁ፤ ከጋራዤ ውጣ› አለኝ። ገብቼ አስነሣኋት...»

አልጨረሰም። ፈቃዱ የክሪኩን ብረት አንሥቶ የገበየሁን ክንድ ሰበረ፤ የአጥንቱ ድምፅ ግቢውን ሞላው። ብረቱ ዳግመኛ ወደ ራስ ቅሉ ሲወርድ ብርቱካን መሐል ገባች። ከግንባሯ አንድ ስንዝር ላይ ቆመ።

«ፈቃዱ! አንድ ሬሳ ይብቃን።»

ፈቃዱ ብረቱን ጥሎ ደም የነካውን ግድግዳ አቅፎ አለቀሰ።

ብርቱካን የዓሪፍን ካቴና ፈትታ በገበየሁ ደህናው እጅ ላይ አጠለቀችው። ዓሪፍ ግን ነፃ የወጣ ሰው አይመስልም።

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«ስመጣ ከመኪናዋ ሲወርድ አገኘሁት። የእህቴ ሦስት ልጆች አባት ነው፤ እኔ ብቻዬን ነኝ። በስሕተት ከተባለ ቶሎ እፈታለሁ ብዬ...» ወደ ገበየሁ ዞረ። «አሁን ማን ያሳድጋቸው?»

«አንተ» አለችው።