ስም የሌላቸው ቁልፎች

«ቁልፍ። ቁልፍ። ምስል። ቁልፍ።»

ሚጣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ጣቷን እንደገና አንሸራተተች። ዓይኗ ስለማያይ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ ስልኩ ነው የሚያነብላት። የዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ ሲደርስ ግን ምላሱ ይተሳሰራል፤ የትኛው ቁልፍ «መዝግብ»፣ የትኛው «ሰርዝ» እንደሆነ አይነግራትም።

ለዚህም ነበር ትናንት የምዝገባ ቅጹን የልብ ጓደኛዋ የሞላችላት። «አለቀ! ሒሳብ ብዬልሻለሁ» ብላት ሄደች። ዛሬ ጠዋት የማረጋገጫ መልእክት ገባ፤ እሱን ስልኩ ጥርት አድርጎ አነበበው። «የመረጡት የትምህርት ክፍል፦ ሥነ ጽሑፍ።»

ደወለችላት።

«ሥነ ጽሑፍ ይላል እኮ!»

ጓደኛዋ ተንተባተበች። «ሒሳብ ግራፍ ምናምን አለው፣ ይከብድሻል ብዬ...» ድምጿ ተሰበረ። «ውሸቴን ነው። የሒሳቡ ግቢ ከተማው ሌላ ጫፍ ነው። ካንቺ ከተለየሁ እኔ ሥነ ጽሑፍ ክፍል ማንን አውቃለሁ?»

ሚጣ ልትቆጣት ፈልጋ ቁጣው ጠፋባት። እሷስ ማንን ታውቃለች?

ታላቅ ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። «ምዝገባው ነገ ይዘጋል። አምጪው፣ ባንዴ ላስተካክልልሽ።»

«ተወው ጋሼ። ይልቅ ስልክህን አውሰኝ።»

ዩኒቨርሲቲው ጋ ደውላ ስልኳ ቁልፎቹን እንደማያነብላት ተናገረች። ድረ ገጹን የሚሠራው ሰውዬ «አጠገብሽ የሚያይልሽ ሰው የለም እንዴ?» አላት።

«ሞልቷል። የምመዘገበው ግን እኔ ነኝ።»

ሰውዬው ጉሮሮውን ጠራረገ። «እስቲ ስልክሽ የሚልሽን አሰሚኝ።»

የራሷን ስልክ አስጠጋችለት። «ቁልፍ። ቁልፍ። ምስል።»

«ወይ ጉድ!» አለ ሰውዬው። «እስከ ከሰዓት ታገሺኝ።»

ከሰዓት ራሱ ደወለ። «በይ አሁን ሞክሪው።»

«ምርጫ ቀይር፣ ቁልፍ» አለ ስልኳ።

ክፍሏን ዘግታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዝርዝሩ ተከፈተ። ሥነ ጽሑፍ ላይ ጣቷ ቆመ። እዚያ ጓደኛዋ አለች፤ ደረጃ ሲመጣ «ቀስ» የምትላት፣ ሚጣ ከብዙ ሰው መሀል በሳቋ የምትለያት። ቤቱ ጭር ብሏል።

ጣቷን ወደ ታች አወረደች።

«ሒሳብ።»

ለመምረጥ ሁለቴ ነካችው፤ ቀጥሎ «መዝግብ» የሚለውንም። ከዚያ ጓደኛዋ ከሌላ ሰው እንዳትሰማ ብላ ደወለችላት። ስልኩ ሲጠራ ምን እንደምትላት ገና አላወቀችም።