ዘጠነኛው አሻንጉሊት

ከጠዋት ጀምሮ ትርንጎ ሦስት ሰው ከሞት አተረፈች፤ አንዱም እግዜር ይስጥሽ አላላት። ምን ይበሉ፣ አሻንጉሊት ናቸው። ሰማንያ ሰማንያ ኪሎ የሚመዝኑ፣ ቆዳቸው የሚሞቅ፣ ደረታቸው ውስጥ የሚመታ ልብ የተገጠመላቸው የጎማ ሰዎች። የቀይ አምባ ከተማ የአደጋ አዳኝ ሠልጣኞች በየሳምንቱ ሐሙስ፣ የጥንት ጠራቢዎች በመሮ ፈልፍለው በተዉት ዋሻ ውስጥ በሆዳቸው እየተሳቡ እነሱን ይፈልጋሉ። ከላይ ከተማው ይሸጣል ይገዛል፤ ከታች ትርንጎ አፈር ትበላለች። ሐሙስ ማለት ይኸው ነው።

ከሰዓት በኋላ ስምንቱም አሻንጉሊት ወጥቶ ሣሩ ላይ ተደረደረ። ሠልጣኞቹ ጫማቸውን አውልቀው ይሳሳቃሉ። አሠልጣኛቸው ጋሽ ይመር ብቻ «የቀሩትን መብራቶች ሰብስቤ እመጣለሁ» ብለው ወደ ውስጥ ተመለሱ።

ጥቂት ቆይቶ መሬቱ ከሥራቸው ጓ! አለ። የዋሻው አፍ ቀይ አቧራ ተፋ።

ሁሉም ባዶ እግሩን ዘሎ ተነሣ። የቡድኑ አለቃ እንድሪስ አድማጩን አለቱ ላይ ለጠፈው። አድማጭ የሚሉት ክንድ ላይ የሚታሰር ሰሌዳ ነው፤ ከሥሩ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ድንጋይ ሲነካ፣ የተቀበረ ሰው የልብ ትርታ ከሁለት መቶ ሜትር ይሰማል። ሰሌዳው ትንሽ አሰበና ጻፈ፦ ሰው፣ የለም። አሻንጉሊት፣ አንድ።

«ተመስገን!» አለ እንድሪስ። «ጋሼ በማዶ፣ ገበያው ጋ በሚያስወጣው በር ወጥተዋል ማለት ነው። አሁን ሻያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።»

«ሬዲዮ አይመልሱማ» አለች ትርንጎ።

«ሻይ ሲጠጡ መቼ መልሰው ያውቃሉ?»

«አንዱ አሻንጉሊትስ? ስምንቱ እኮ እዚህ ተጋድመዋል።»

እንድሪስ ሳቀባት። «አዲስ ነሽ መሰለኝ! ያለፈው ዙር የቀበረው ነዋ።»

ይህም እውነት ነው። ተመርቆ የሚወጣ ዙር ሁሉ አንድ አሻንጉሊት ዋሻው ውስጥ ደብቆ ይሄዳል፤ አዲሶቹ ሲደናበሩ ለመሳቅ። ልማድ ነው፤ ጋሽ ይመርም አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ። እንዲያውም የትርንጎ ዙር የራሱን መደበቂያ ካሁኑ መርጧል።

ትርንጎ ሰሌዳውን ከእንድሪስ ክንድ ላይ ጎተተችው። የአሻንጉሊቱ ነጥብ የሚያበራው ከጠባቡ መተላለፊያ ማዶ ነው፤ ሰው ትከሻውን አጥፎ፣ ትንፋሹን ውጦ ከሚያልፍበት።

«እንድሪስ፣ ያለፈው ዙር ልጆች እነዚያ ናቸው አይደል? ምሳ ካልመጣላቸው የማይበሉት?»

«እና?»

«እና እነዚያ ሰነፎች ሰማንያ ኪሎ ጎማ በዚያ ቀዳዳ ጎትተው አሳለፉ? ለቀልድ? እነሱ እኮ ከበሩ ሃያ እርምጃ አልፈው አያውቁም!»

እንድሪስ ሰዓቱን አየ። እዚያ ያሉት እሳቸው ከሆኑ፣ ጋሽ ይመር ወገባቸው ላይ የሚያስሯት የአየር ጠርሙስ የአርባ ደቂቃ ናት። ስምንቱ ደቂቃ በክርክር አልቋል።

«ፍልፈሏን አምጧት» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ።

ፍልፈል መቆፈሪያ ማሽን ናት፤ ድንጋይ እንደ ቂጣ ትቆርሳለች። ነገር ግን ሰው አለ ካልተባለች የጥንቱን ግድግዳ አትነካም፣ ሕግ ነው። ከአፈሩ ፊት ቀረበችና በዚያ በለሰለሰ ድምጿ፣ «የሰው ልብ አልተገኘም። ቅርስ አልነካም» አለች።

«አንቺ ጨዋ፣ ውጪ እንግዲህ ከመንገዴ!» አለቻት ትርንጎ፤ ገፍታትም ገባች።

ቁፋሮው በእጅ ሆነ። ትርንጎ ከፊት፣ እንድሪስ ከኋላዋ፣ ሌሎቹ ተሰልፈው፣ ድንጋዩን እየተቀባበሉ ወደ ውጭ። መጀመሪያ ተሳደቡ፣ ቀጥሎ ቆጠሩ፣ ቀጥሎ ዝም አሉ። የራስ ቁሯ ለመተላለፊያው ሲሰፋባት አውልቃ ወረወረችውና ገባች። ሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ላይ ጣቷ ጣት ነካ። ሞቃት ነው፤ ግን የአሻንጉሊትም ይሞቃል። መብራቷን አስጠጋች። ጥፍሩ ሥር አፈር አለ፣ ጫፉም ተሰብሯል። ጎማ አይቧጥጥም።

አፈሩን ከፊቱ ላይ በመዳፏ ጠረገች።

«የራስ ቁርሽን ማን አውልቂ አለሽ?» አለ ፊቱ፣ በሻከረ ድምፅ።

«ይቆጣሉ!» ብላ ጮኸች ትርንጎ ወደ ኋላ። «ሰዎች፣ ጋሼ ይቆጣሉ!» ወዲያው ማልቀስ ጀመረች፤ ኋላ ሲጠይቋት አቧራ ነው አለች።

ጋሽ ይመር ሣሩ ላይ ተቀምጠው ውሃ ሲጠጡ፣ እንድሪስ ሊያምን ስላልቻለ አድማጩን ደረታቸው ላይ ለጠፈው። አሻንጉሊት፣ አንድ፣ አለ ሰሌዳው።

«አትድከም» አሉት ጋሽ ይመር። ሸሚዛቸውን ገለጥ አደረጉ፤ ደረታቸው መሐል ለመሐል የቆየ ጠባሳ አለው። «አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። የተሠራ ልብ ነው። የሰው ልብ ሲፈራ ይሮጣል፣ ሲያርፍ ይዘገያል፣ አድማጩም የሚያውቀው በዚያ ነው። አለቱ ሲወድቅብኝ እኔ ሽንቴን ልለቅ ምንም አልቀረኝም፤ እሱ ግን ሰዓት ይመስል በልኩ ይመታል።»

የተሠራ ልብ ያለው ሰው ከመሬት ሥር እንዲሠራ አይፈቀድለትም፤ ይህን ያስተማሯቸው እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ሰሌዳው ላይ ጽሑፍ መጣ፦ ንባቡ ስህተት ነው? ከነምክንያቱ አርሙ። የሚታረመው ነገር በዚያው ደቂቃ ለአዳኞቹ ማዕከል ይደርሳል፤ የከተማው አድማጭ ሁሉ ከዚያ ይማራል።

ትርንጎ ሰሌዳውን ከእንድሪስ ተቀብላ ጣቷን አንሥታ ቆመች። «ጋሼ፣ ምን ልበለው?»

«እውነት ንገሩኝ ካልሽ፣ ብትተዪው ደስ ይለኛል። ከዚህ ዋሻ ውጭ ሥራ አላውቅም።»

«እንደ እርስዎ ያለ ሰው ከተማው ውስጥ ስንት ይኖራል?»

«ምን አውቄ? የሚያወራው የለም። እኔስ መቼ አወራሁ?»

«እሱም አንድ ቀን ከአፈር ሥር ቢሆንስ? ከላይ ደግሞ እንደ እንድሪስ ዓይነት አለቃ ብቻ ቢኖርስ?»

«ኧረ በቃ ተዪኝ!» አለ እንድሪስ።

ጋሽ ይመር ሰሌዳውን ከእጇ ወሰዱ። አቧራውን በእጅጌያቸው ጠረጉት፤ ከሚገባው በላይ ረጅም ጊዜ ጠረጉት። ከዚያ «ሰው» የሚለውን ነኩ። ከምክንያቱ ሥር በአንድ ጣት እየፈለጉ ጻፉ፦ ልቡ ብቻ ነው የተሠራው።

«በቃ፣ ነገ ይጠሩኛል» አሉ፤ ሰሌዳውን ሊመልሱላት ዘረጉት።

ትርንጎ ግን አልተቀበለችም። ዓይኗ ከሰሌዳው አናት ላይ ቀርቷል። የአድማጩ ብረቶች ከከተማው ሥር ሁሉ ተቀብረዋል፤ እዚያ አናቱ ላይ፣ ማንም ልብ የማይለው ቁጥር አለ፤ በዚያች ደቂቃ በቀይ አምባ የሚመታው የሰው ልብ ብዛት። ቁጥሩ አሁን እየጨመረ ነው። አድማጩ እስከ ዛሬ ፓምፕ ነው፣ ሰዓት ነው፣ አሻንጉሊት ነው እያለ ያለፈውን ሁሉ እንደ አዲስ እየሰማ ነበር። ከቁጥሩ ጎን ጭማሪው ብቻ ይቆጠራል፦ መቶ፣ ሦስት ሺህ፣ አሥራ ሁለት ሺህ። ሠልጣኞቹ አንገት ለአንገት ተደራርበው አዩት። ጭማሪው ሠላሳ አንድ ሺህ ላይ ሲደርስ ቆመ።

ጋሽ ይመር ቁጥሩን በከንፈራቸው ደጋግመው አነበቡት።

«እኔ እኮ» አሉ፣ «ብቻዬን መስሎኝ ነበር።»

«ሠላሳ አንድ ሺህ ሰው፣ ሁሉም ብቻዬን ነኝ እያለ፣ አንድ ከተማ ውስጥ!» አለች ትርንጎ።

አፏን የከፈተችው ለቀልድ ነበር። ከወጣ በኋላ ግን ማንም አልሳቀም፤ እሷም ጭምር።