አንድ አድራሻ ለሁለት

ደረቱ ላይ የልብ መከታተያ የተለጠፈበት በሽተኛ፣ ነርስ በሞላበት ሆስፒታል፣ ማንም ሳያውቅ እንዴት ይሞታል? ንገሩኝ እንጂ! «የቴክኒክ ብልሽት» የምትለዋን ግን እንዳታመጡብኝ። እሷንማ የሆስፒታሉ የበላይ የሆነው ጤና ቢሮ አስከሬኑ ሳይቀዘቅዝ ፈርሞባታል።

መርማሪዋ የደረሰችው የሟች ልጅ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ሄዳ ስለጮኸች ነው። ሟቹ፣ ጡረተኛው የከባድ መኪና ሾፌር፣ አንሶላ ለብሷል፤ ልጁ እግሩ ሥር ተቀምጣ የሾለከ ካልሲውን ታስተካክላለች። መርማሪዋ ከአልጋው ራስጌ ጀርባ ጎንበስ አለች። የመከታተያው የኔትወርክ ገመድ ከግድግዳው ተነቅሎ ወለሉ ላይ ወድቋል።

ነርሷን ወደ ጎን ወሰደቻት።

«መሣሪያው ሲጮህ አልሰማሽም?»

«በሩ ተዘግቶ ነበራ! ሆስፒታሉን ሊጎበኙ የመጡ እንግዶች ስላሉ ጩኸት እንዳይሰማ ተባልን። እኔ የምከታተለው ከጠረጴዛዬ ስክሪን ላይ ነው። የሳቸው መስመር ጠፋ፤ ወደ አስተዳደር ብደውል እየተስተካከለ ነው ተባልኩ።»

«ማነው ባዩ?»

«እኔ እንጃ፣ ከላይ ነው። ዛሬማ ጉድ ነው! ሥራ አስኪያጁ እንኳ ገብተው ከራስጌያቸው ጎንበስ ብለው ሰላም አሏቸው። እኔን አንድ ቀን እንኳ ሰላም ብለውኝ አያውቁም።»

ቀጥላ የሆስፒታሉን የኔትወርክ ቴክኒሻን ጠራችው።

«የቀዶ ጥገና ክፍሉ ካሜራ ከኔትወርኩ ጠፋ። እንግዶቹ ደግሞ አዳራሽ ሆነው አዲሱን ክፍል በእሱ ሊያዩ ነው። አዲስ አይፒ አድራሻ፣ መሣሪያ ሁሉ በኔትወርኩ የሚታወቅበትን ቁጥር ማለቴ ነው፣ ልሰጠው አንዱን ቁጥር ጠራሁ፤ ማንም አልመለሰም። ባዶ ቤት መሰለኝና ካሜራውን አስገባሁበት።»

«ባለቤቱስ?»

«የሽማግሌው መከታተያ ነው። ራጅ ሊነሱ ሲወሰዱ ጠፍቶ ነበር። ሲመለሱ በራ፤ ሁለት መሣሪያ ባንድ አድራሻ!»

«ዝም አልክ?»

«ኧረ እቴ! ለካሜራው ሌላ አድራሻ ልስጠው፣ ትንሽ ይጠፋል፣ የተጋጨው የበሽተኛ መሣሪያ ነው ብዬ ለሥራ አስኪያጁ ነገርኳቸው። ‹እንግዶቹ ሳይወጡ ብትነካው ነገ እንዳትመጣ› አሉኝ። የልጆች አባት ነኝ።»

መርማሪዋ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«ሁለት መሣሪያ ባንድ አድራሻ ሲጋጭ ምስል ይቆራረጣል። እንግዶቹን ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ ተቆራረጠ፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው ጥርት አለ። ካሜራውን የነካ የለም። ስለዚህ ሌላው ተነቅሏል ማለት ነው። ግጭቱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ምስሉ ሲጠራ ቴክኒሻኑ እዚሁ ከእንግዶቹ ጋር ቆሞ ነበር። ሁለተኛው ሰው ግን የታመመ ሰው ሰላም ሊል ከራስጌ ጀርባ ጎንበስ ብሏል። ሰላምታ ከጀርባ ነው እንዴ፣ ጌታዬ?»

ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን አጠበቀ።

«ጉዳዩ ተዘግቷል፣ እህቴ። አለቃሽ አልደወለልሽም?»

ደውሎላታል። ከስብሰባው በፊት ደውሎ ምርመራው ይቁም ብሏል። ሁሉን የምታውቀው መርማሪ እጇን አጣጥፋ ቀረች። ነርሷ ጫማዋን ታያለች፤ ቴክኒሻኑ ግድግዳውን። ይህን ሁሉ ሰው ምን ነካው? እውነቱ ወለል ብሎ ታይቶ አንድ እጅ እንኳ አይነሳም!

«ለማንኛውም ለበላይ አካል በጽሑፍ መልስ እሰጣለሁ» ብሎ ሥራ አስኪያጁ ወደ በሩ አመራ።

የሟች ልጅ በሩ ላይ ቆመችበት።

«አባዬ ራሱን አልሳተም ነበር። ገመዱን ሲነቅሉ ዓይኑ ያይዎት ነበር። ምን አለዎት? እርስዎስ ምን አሉት? ጽሑፍዎን አልፈልግም፤ እዚሁ፣ ይሄ ሁሉ ሰው በሚሰማበት ይመልሱ!»